ነጭ የወይን ጠጅና የስምጥ ሸለቆው አፈር፤ ከሻሸመኔ እስከ ዝዋይ የሚገኝ የሳይንስ ትምህርት

መግቢያ

የአድአ ጤፍ፣ የይርጋ ጨፌ ቡና፣ የትግራይ ነጭ ማር እያሉ መጥራት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ገዢው የምርቱን ዓይነት ብቻ ጠርቶ አይበቃውም፤ የበቀለበትን ቦታም ይጠይቃል። በዚህ ጥያቄ ውስጥ አንድ ሳይንሳዊ ሐሳብ ተሸሽጓል። ይኸውም ዘሩ አንድ ዓይነት ቢሆንም አፈሩ፣ ከፍታው፣ ዝናቡና የገበሬው አያያዝ ሲለያይ ፍሬውም ይለያያል የሚለው ነው። ፈረንሳዮች ይህንን ሐሳብ «ቴሯር» በሚል አንድ ቃል ይጠሩታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «የቦታ ጠባይ» እንለዋለን።

የቦታ ጠባይ ከማንኛውም ምርት ይልቅ በጥልቀት የተጠናው በወይን ላይ ነው፤ ከወይንም ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በነጩ ላይ ነው። በስምጥ ሸለቆአችን፣ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ ነጭ የወይን ጠጅ የሚጠመቅበት ፍሬ ከበቀለ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሻሸመኔ በድንች፣ በበቆሎና በስንዴ እንጂ በወይን አትታወቅም። ሁለቱ ከተሞች በአንድ አውራ ጎዳና ላይ፣ በአንድ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኙ ናቸው። ታዲያ በአንደኛው የሚበቅለው ወይን በሌላኛውስ ሊበቅል ይችላል? መልሱን ለማግኘት የታሪክ፣ የኬሚስትሪ፣ የሥነ ምድርና የአየር ንብረት ትምህርት በአንድነት ያስፈልጉናል።

ወይን በኢትዮጵያ

ወይን ለኢትዮጵያ እንግዳ ቃል አይደለም። የግእዙ «ወይን» ከዕብራይስጡ «ያይን» ጋር የሚዛመድ ጥንታዊ ሴማዊ ቃል ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ከሎዶቅያና ከጣሊያን የሚመጣ መጠነኛ የወይን ጠጅ እንደነበረ ይመሰክራል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ይህንኑ ሥርዓት በጽሑፉ አስፍሯል።

ይሁን እንጂ የሕዝቡ መጠጥ ጠጅ፣ ጠላና አረቄ ሆኖ ኖሯል። ከማር የሚጣለው ጠጅ ባለ ብዙ ክብር ስለነበረ፣ የወይኑም መጠጥ ስሙን ከእርሱ ተውሶ «የወይን ጠጅ» ተባለ። በዘመናዊ ፋብሪካ የሚጠመቅ የወይን ጠጅ የተስፋፋው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርንና አክሱሚትን በመሳሰሉት ቀይ ወይን ጠጆቹ፣ እንዲሁም አዋሽ ክርስታል በተባለው ነጭ ወይን ጠጁ ለብዙ ዓመታት ታውቋል፤ በአርሲ፣ በመርቲ አካባቢም የወይን እርሻ አለው። በዝዋይ (ባቱ) ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የወይን ተከላ ጀምሮ በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አቅርቧል። ከ100 ሄክታር በላይ በሚሆነው እርሻ ከተተከሉት ዝርያዎች ሜርሎ፣ ሲራህና ካቤርኔ ሶቪኞን ለቀይ፣ ሻርዶኔ ደግሞ ለነጭ የሚሆኑ ናቸው። ከሐይቁ የሚወጣ ጉማሬና ከዱር የሚመጣ ጅብ እንዳይገባ በእርሻው ዙሪያ ቦይ መቆፈር አስፈልጎ ነበር።

ነጭ ወይን ጠጅ ምንድን ነው?

በአማርኛ «ወይን ጠጅ» የቀለም ስም ጭምር ነው፤ ሐምራዊ ወደ ጥቁር ሲያደላ «ወይን ጠጅ መልክ» እንላለን። ስለዚህ «ነጭ የወይን ጠጅ» የሚለው አነጋገር ለጆሮአችን እርስ በርሱ የሚቃረን ሊመስል ይችላል። ግራ መጋባቱን የሚፈታልን የፍሬው አሠራር ነው። የወይን ፍሬን ቀይ ወይም ጥቁር የሚያደርገው አንቶሳያኒን የተባለው ቀለም የሚገኘው ከሞላ ጎደል በልጣጩ ውስጥ ነው። የአብዛኞቹ ጥቁር ወይኖች ጭማቂ ራሱ ቀለም የለሽ ነው። ቀይ ወይን ጠጅ የሚገኘው ጭማቂው ከልጣጩ ጋር አብሮ ሲብላላ ነው። ነጩ ግን ፍሬው እንደተለቀመ ተጨምቆ፣ ልጣጩ ተለይቶ፣ ጭማቂው ብቻውን እንዲብላላ ይደረጋል። መልኩም በእርግጥ ነጭ ሳይሆን የገለባ ወይም የወርቅ መልክ ነው፤ ከቀዩ ይልቅ ለማሩ ጠጅ ይቀርባል።

በመብላላት ጊዜ እርሾ እያንዳንዱን የግሉኮስ ሞለኪውል ወደ ሁለት የኢታኖልና ሁለት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎች ይለውጣል። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር የአልኮሉን መጠን በ1 በመቶ ያሳድጋል። ስለዚህ በሊትር 200 ግራም ስኳር ያለው ጭማቂ ወደ 12 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው ወይን ጠጅ ይሆናል። ቀዩ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ሲብላላ፣ ነጩ ስሱ መዓዛው እንዳይተን ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይያዛል።

ነጭ ወይን ጠጅ የልጣጩ ቀለምና መጠጦ (ታኒን) ስለሌለው፣ ጣዕሙን ቀጥ አድርጎ የሚያቆምለት አሲዱ ነው። በወይን ፍሬ ውስጥ ሁለት ዋና ዋና አሲዶች አሉ፤ ታርታሪክና ማሊክ። ታርታሪኩ ሙቀትን በአንጻሩ ይቋቋማል። ማሊኩን ግን ፍሬው ራሱ በትንፈሳ (ሬስፒሬሽን) ያቃጥለዋል፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር የሚቃጠለውም ይጨምራል። ሌሊቱ ሞቃት የሆነበት አገር ፍሬው በቶሎ ይጣፍጣል፤ ነገር ግን አሲዱን ያጣል። ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበት አገር ግን ቀን ስኳር ይሠራል፣ ሌሊት አሲዱን ይቆጥባል። የነጭ ወይን ጠጅ የቦታ ጠባይ ምሥጢር በአብዛኛው በዚህ ሚዛን ላይ የቆመ ነው።

የቶካይ ምሳሌ

የነጭ ወይን ጠጅ ጥንታዊ አገሮች ሲጠቀሱ የሃንጋሪዋ ቶካይ ከፊተኞቹ ረድፍ ትሰለፋለች። የወይን ክልሏ ወሰን እ.ኤ.አ. በ1737 በንጉሣዊ አዋጅ ተከልሏል። በ2002 ደግሞ ዩኔስኮ መልክዐ ምድሯን ከነባህሏ በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። የቶካይ ኮረብታዎች የጥንት እሳተ ገሞራ ቅሪቶች ናቸው፤ አፈሩም በብዛት የተገኘው ሪዮላይት ከተባለው ዐለትና ከአመዱ ነው። በመኸር ወራት ከቦድሮግና ከቲሳ ወንዞች የሚነሣው ጭጋግ ፉርሚንት የተባለውን ወይን ያረጥበዋል። በእርጥበቱም ቦትራይቲስ የተሰኘ ሻጋታ በፍሬው ላይ ይበቅላል። ቀጥሎ የሚመጣው ፀሐይና ነፋስ ደግሞ ፍሬውን ያደርቀዋል። በዚህም ስኳሩ፣ አሲዱና መዓዛው ይጠራቀማል፤ ዝነኛው ጣፋጭ ወይን ጠጅ የሚገኘውም ከዚህ ነው።

የእኛም ስምጥ ሸለቆ ዐለቶች ከፍተኛ ድርሻ ያላቸው ሪዮላይታዊ ናቸው። ይሁን እንጂ ቶካይ በ48 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ የምትገኝ ስትሆን ዝዋይ በ8 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በቶካይ የበጋው ቀን ወደ 16 ሰዓት ሲረዝም የብርዱ ወራት ቀን ወደ 8 ሰዓት ያጥራል፤ በዝዋይ ግን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ዐለት አንድ ዓይነት ወይን አይሰጥም።

እዚህ ላይ የተለመደ አንድ የተሳሳተ ግምት ማረም ይገባል። ብዙ ሰዎች የድንጋዩ ጣዕም በሥሩ በኩል ወደ ፍሬው የሚገባ ይመስላቸዋል። የተክል ሥር የሚወስደው ውኃንና በውኃ የሟሙ አዮኖችን እንጂ የድንጋይ ጣዕምን አይደለም። አፈር በወይኑ ላይ ኃይሉን የሚያሳየው በሌላ መንገድ ነው። ውኃን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያሳልፍና እንደሚይዝ፣ እንዴት እንደሚሞቅ፣ ናይትሮጅንና ፖታሲየም ምን ያህል እንደሚያቀርብ ወሳኝ ነው። ለም በሆነና ውኃ በበዛበት አፈር የወይን ሐረግ ቅጠል ያበዛል፤ ፍሬው ይሳሳል። መጠነኛ ጥማት ያገኘው ሐረግ ግን ጉልበቱን ወደ ፍሬው ያዞራል።

ሐይቅ የነበረ አፈር

ከ9 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት፣ የአፍሪካ አየር ከዛሬው የበለጠ ርጥብ በነበረበት ዘመን፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ። የውኃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1670 ሜትር ደርሶ፣ ትርፉ ወደ ሰሜን፣ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የዛሬው የባቱ ከተማ ከፍታ 1640 ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ቦታው በዚያ ዘመን በ30 ሜትር ውኃ ሥር ነበረ ማለት ነው። ሐይቁ ሲያፈገፍግ አሸዋን፣ ደለልንና የእሳተ ገሞራ አመድን ትቶ ሄደ። ሻሸመኔ ግን ከ1900 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ያ ሐይቅ አልደረሰባትም። አፈሯ ከምሥራቁ ደጋ ታጥቦ ከወረደውና ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘ፣ ይበልጥ ለም የሆነ ነው። እንግዲህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የመጀመሪያው ልዩነት ይህ ጥንታዊ የውኃ ዳርቻ ነው።

አሸዋማው አፈር ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ውኃን በቶሎ ስለሚያሳልፍ ገበሬው የሐረጉን ጥማት በጠብታ መስኖ ሊመጥን ይችላል። ሁለተኛ፣ ፊሎክሴራ የተባለችው የወይን ሥር ተባይ በአሸዋ ውስጥ እንደልቧ አትዛመትም። ይህች ተባይ እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ የፈረንሳይን የወይን እርሻዎች ክፉኛ ያወደመች ስትሆን፣ መፍትሔው የተገኘው የአውሮፓውን ቅርንጫፍ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ በማጋጠም ነበር። በአንጻሩ የስምጥ ሸለቆ አፈር በብዙ ቦታ አልካላይን ነው፤ በዚህም ምክንያት ብረት በአፈሩ ውስጥ እያለ ተክሉ ሊወስደው ይሳነዋል፤ ቅጠሉም ይገረጣል። ከተከላ በፊት የአፈሩን ፒኤች መለካት የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ብርድ የሌለበት ወይን

በአውሮፓ ወይን በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ሙቀት ሲመለስ ይነቃል። በስምጥ ሸለቆ ግን የሚያስተኛው ብርድ የለም። ስለዚህ ሐረጉን የሚያስተኛውና የሚያነቃው ገበሬው ራሱ ነው። መስኖ ሲቀንስ እድገቱ ይገታል፤ ሲገረዝ እምቡጡ ይፈነዳል። ይህ ትልቅ ነጻነት ነው፤ ፍሬው የሚበስልበትን ወር መምረጥ ያስችላል። የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር ወራት ደረቅና ሌሊታቸው ቀዝቃዛ በመሆኑ ለነጭ ወይን ተስማሚ ናቸው። ከርክሙም ጋር ጥንቃቄ ያሻል፤ ከፍታ ሲጨምር የፀሐይዋ ጨረር ስለሚበረታ የነጩ ወይን ዘለላ እንዳይጠበስ ቅጠሉ ጥላ ሆኖ እንዲቀር ይደረጋል።

የወይን አገሮችን ሙቀት ለማነጻጸር፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ ያገለግሉ የነበሩት አሜሪንና ዊንክለር እ.ኤ.አ. በ1944 ያቀረቡት ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል። ከዕለቱ አማካይ ሙቀት ላይ 10 ተቀንሶ ቀሪው በእድገቱ ወራት በሙሉ ይደመራል፤ ወይን ከ10 ዲግሪ በታች እምብዛም አያድግምና። ውጤቱ ከ1390 የሙቀት ቀናት በታች ከሆነ አገሩ «ቀዝቃዛ» የሚባለው አንደኛው ምድብ ነው፤ እስከ 1670 ገደማ ሁለተኛው፣ ከ1940 እስከ 2220 ገደማ ደግሞ አራተኛውና ሞቃቱ ነው።

የዝዋይን አማካይ ሙቀት በ20 ዲግሪ ይዘን እናስላ። እንደ ዊንክለር የ7 ወር፣ ማለትም የ214 ቀናት ስሌት ከሆነ 10 በ214 ሲባዛ 2140 ይሆናል፤ ዝዋይ አራተኛው ምድብ ውስጥ ትገባለች። ነገር ግን በሐሩር አገር ሐረጉ ከግርዛት እስከ ለቀማ 5 ወር ያህል ቢበቃው፣ 10 በ150 ሲባዛ 1500 ነው፤ ሁለተኛው ምድብ። አንዱ ቦታ በአንዱ ስሌት ሞቃት፣ በሌላው ለዘብተኛ ይሆናል። ትምህርቱም ግልጽ ነው፤ ለሌላ ኬክሮስ የተዘጋጀ ቀመር መነሻው ሳይመረመር እንዳለ ሊገለበጥ አይገባም።

ሻሸመኔስ?

ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ በ0.65 ዲግሪ ይቀንሳል። ሻሸመኔ ከዝዋይ በ300 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል በ2 ዲግሪ ገደማ ትቀዘቅዛለች። አማካይ ሙቀቷን በ18 ብንይዝ፣ በ150 ቀናት የሚጠራቀመው 1200 ነው። ይህ አንደኛው ምድብ ነው፤ ማሊክ አሲድ የሚጠበቅበት፣ ነጭ ወይን የሚወደው። በሙቀቱ ብቻ ብንፈርድ ሻሸመኔ ከዝዋይ የተሻለች የነጭ ወይን አገር በሆነች ነበር።

ሆኖም ፍሬው ለመብሰል 1500 የሙቀት ቀናት ያስፈልጉታል ብንል፣ 1500 ለ8 ሲካፈል 188 ቀናት ይሆናል። ሁለቱም ቦታዎች መስከረም 1 ቀን ተገረዙ እንበል። የዝዋዩ ወይን በ150 ቀኑ፣ ማለትም የካቲት 1 ቀን፣ በደረቁ ወራት ይለቀማል። የሻሸመኔው ግን መጋቢት 9 ቀን ይደርሳል፤ ያ ደግሞ የበልግ ዝናብ ደጃፍ ነው። ስኳር የሞላው፣ ልጣጩ የሳሳው ፍሬ ዝናብ ሲያገኘው ይሰነጠቃል፤ ሻጋታም ይወርሰዋል። ለቶካይ በረከት የሆነው ሻጋታ በረከት የሚሆነው ደረቅ ነፋስና ፀሐይ ሲከተሉት ብቻ ነው። ዝናብ ከተከተለው ግን ብስባሽ ነው። በዚህ ላይ የሻሸመኔ ዓመታዊ ዝናብ ከዝዋይ በግልጽ ይበልጣል፤ አፈሯም ለም በመሆኑ ሐረጉ ቅጠል ወደ ማብዛት ያዘነብላል።

ይህ ማለት በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ቶሎ የሚደርስ ዝርያ፣ ተዳፋትና ጠጠራማ ቦታ፣ ነፋስ የሚያገኘው ጎን፣ ከመስከረም ቀደም ያለ ግርዛት መፍትሔ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቀደም ብሎ መግረዝ ግን ለጋውን ቅጠል ለክረምቱ ማብቂያ ዝናብ ያጋልጠዋል። የወይን ሐረግ ተተክሎ በቂ ፍሬ ለመስጠት 3 ዓመት ያህል ይፈልጋል። ድንች ግን በጥቂት ወራት ይደርሳል። ግማሽ ሄክታር ላለው ገበሬ ይህ ልዩነት የቤተሰብ ጉሮሮ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ማንም ገበሬ በወሬ ተነሣስቶ ድንቹን ነቅሎ ወይን እንዲተክል ሊመከር አይገባም። አስቀድሞ በጥቂት የሙከራ መደቦች ላይ ሙቀት፣ ዝናብ፣ የአፈር ፒኤችና የፍሬው አሲድ ቢያንስ ለተከታታይ ሦስት የለቀማ ወቅቶች መለካት አለበት።

ውኃው የማን ነው?

የዝዋይ የቦታ ጠባይ ያለ ሐይቁ አይታሰብም። ሐይቁ 440 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውም አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከመቂና ከቀጠር ወንዞች ተቀብሎ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አቢጃታ ያስተላልፋል። አንድ ሄክታር ወይን በዓመት 5000 ሜትር ኩብ የመስኖ ውኃ ይፈልጋል ብንል፣ 100 ሄክታር 500 ሺህ ሜትር ኩብ ይወስዳል፤ ይህም ከሐይቁ ወለል ላይ ከ1 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ውኃ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አበባው፣ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙና ወይኑ ተደምረው 10 ሺህ ሄክታር ቢሞሉ፣ በዚሁ መጠን 11 ሴንቲ ሜትር በላይ በየዓመቱ ይቀነሳል ማለት ነው። የሐይቁ ወለል በዚህን ያህል ሲወርድ የቡልቡላ ፍሰት ይመነምናል፤ መውጫ የሌለው አቢጃታም ይጎድላል። አቢጃታ ባለፉት አሥርት ዓመታት ክፉኛ የሸሸው ከላይ በሚወሰደው የመስኖ ውኃና ከራሱ ከሐይቁ በሚቀዳው የሶዳ አሽ ምርት ውኃ የተነሣ መሆኑ በብዙ ጥናቶች ተመልክቷል። ቅርስ ለመሆን ገና እየተውተረተረ ያለ የወይን አገር ውኃውን ካጣ የቦታ ጠባዩንም አብሮ ያጣል።

ማጠቃለያ

የቦታ ጠባይ ምትሐት አይደለም፤ የሚለካ ነገር ነው። የቶካይ ሰዎች ወሰናቸውን በአዋጅ የከለሉት የቦታቸውን ጠባይ ከብዙ ትውልድ ልምድ ካወቁ በኋላ ነው። ኢትዮጵያም የይርጋ ጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የታገለችው በቦታ ስም ውስጥ ያለውን ዋጋ በመገንዘቧ ነው። በወይን በኩል እኛ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ነን። ከዝዋይ እስከ ሻሸመኔ ባለው የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ውስጥ ያሉትን የአፈር፣ የከፍታና የዝናብ ልዩነቶች የሚመዘግብ ወጣት ተመራማሪ፣ ለገበሬው ምን ይተከል የሚለውን ብቻ ሳይሆን ምን አይተከል የሚለውንም ሊመልስለት ይችላል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የሐዋሳ ከተማ ከፍታ 1700 ሜትር ያህል ነው። በጽሑፉ የተሰጠውን የሙቀት መቀነስ መጠን በመጠቀም ከዝዋይ ጋር ያላትን የሙቀት ልዩነት አስሉ፤ 1500 የሙቀት ቀናት ለመሙላት ስንት ቀን ያስፈልጋታል?

2. በሊትር 187 ግራም ስኳር ያለው ጭማቂ ሙሉ በሙሉ ቢብላላ ስንት በመቶ አልኮል ይኖረዋል?

3. ከጥቁር ወይን ነጭ የወይን ጠጅ መሥራት ይቻላልን? ምክንያቱን አስረዱ።

4. በአካባቢያችሁ በቦታ ስም የሚጠራ አንድ ምርት ምረጡ። ለዝናው ምክንያት ከሚሆኑት ነገሮች የትኞቹ በመሣሪያ ሊለኩ ይችላሉ?